ከእረፍት መልስ ያለው ፔሬድ፦ የአንድ ትምህርት ቤት የሽንት ቤት ክልከላ

ስለምን ነው የማወራው

መሃል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ባለው ሰፈር ውስጥ ያለ የመንግስት ትምህርት ቤት ነው። 7ኛ እና 8ኛ ክፍል ብቻ ነው የሚያስተምረው። እኔ እዛ ጄነራል ሳይንስ አስተምራለሁ፣ የአንድ 7ኛ ክፍል ሴክሽን ስም ጠሪም ነኝ። ትምህርት ቤቱ በክፍል ሰዓት ሽንት ቤት መውጣት ከለከለ፣ ከዛ አንድ ነገር ተፈጠረ፣ ከዛ ደግሞ ክልከላው እንዴት እንደተቀየረ እና የትኛው ሙከራ እንደከሸፈ ነው የምፅፈው። የትምህርት ቤቱንም የልጆቹንም ስም አልጠራም፣ የልጅቷን ነገር ለመፃፍ እናቷን አስፈቅጃለሁ።

ብዙ መምህር "ማስወጣት ነው ወይስ መከልከል" እያለ ይከራከራል። እኛም እዛው ላይ ነበርን የቆምነው።

ከክልከላው በፊት

ትምህርት የሚጀመረው 2፡10 ነው። አንድ ፔሬድ 40 ደቂቃ፣ ሶስት ፔሬድ ተምረው 4፡10 ላይ የ15 ደቂቃ እረፍት፣ ከዛ ሶስት ፔሬድ፣ ምሳ 6፡25። ተማሪ ምገባ ስላለ ምሳ እዛው ነው የሚበሉት።

ሴት ተማሪዎቻችን 400 ገደማ ናቸው፣ ወንዶቹም ያንኑ ያህል። የሴቶቹ ሽንት ቤት ስድስት ክፍል አለው፣ ግን ሁለቱ የተሰበረ ዴስክ ተቆልሎባቸው ከተዘጉ ቆይተዋል፣ ማን እንደዘጋቸው ራሱ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የሚሰሩት አራት ናቸው። ውሃ በሰፈራችን በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ መምጫው ቀን ላይ እንኳን ግፊቱ ስለሚያንስ ሮቶው ሁሌ አይሞላም። ይሄ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ሌላው ነገር ፒያሳ እና አራት ኪሎ ዙሪያ በ2016 ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራ፣ ወደ አራብሳ፣ ወደ ቦሌ ጠርዝ ሄዷል። ልጆቹን ግን መልቀቂያ ያላወጣላቸው ወላጅ ብዙ ነው፣ ልጅ የለመደው ትምህርት ቤት ይጨርስ ብሎ። እነዚህ ልጆች ከቤት የሚወጡት ከንጋቱ 11፡30 ምናምን ነው። ይሄን ልብ በሉልኝ ኋላ እመለስበታለሁ።

ክልከላው እንዴት መጣ

መምህራኑ ከመሬት ተነስተው ጨካኝ ሆነው አይደለም። በአንድ ፔሬድ ውስጥ "ቲቸር ሽንት ቤት" የሚል እጅ አምስት ስድስቴ ይነሳል። አንዷ ስትወጣ ጓደኛዋ ተከትላ "እኔም" ትላለች። ወንዶቹ ሽንት ቤት ውስጥ ስልክ ይዘው ተገኙ፣ አንዴም ሲጋራ ተገኘ። 8ኛ ክፍሎች ሚኒስትሪ አለባቸው፣ ፖርሽን ካላለቀ የሚጠየቀው መምህሩ ነው። ከ50 በላይ ልጅ ባለበት ክፍል በሩ በየአምስት ደቂቃው ሲከፈትና ሲዘጋ ማስተማር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

በተለይ ሁሉንም ያናደደው ከእረፍት መልስ ያለው ፔሬድ ነው። አራተኛ ፔሬድ። ልጆቹ ገና ከእረፍት ገብተው ቁጭ ከማለታቸው ሽንት ቤት ይላሉ። "አሁን አይደል እንዴ ከውጪ የገባችሁት!" የማይል መምህር አልነበረም። ንቀት ነው የመሰለን።

ስለዚህ በዳይሬክተሩ ፊርማ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ በክፍል ሰዓት መውጣት አይቻልም፣ ህመም ያለበት የሀኪም ወረቀት ያምጣ። ጥበቃውም በክፍል ሰዓት ሽንት ቤቱን እንዲቆልፍ ታዘዘ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አካባቢ ክፍሉ ፀጥ አለ። ብዙ መምህር ደስ ብሎት ነበር።

ልጅቷ

የኔ ክፍል ልጅ ናት፣ 12 ዓመቷ ነው፣ ጎበዝ፣ ድምጿ የማይሰማ አይነት። ቤተሰቧ ከሰፈሩ ተነስቶ ገላን ጉራ ነው የሚኖረው። ሁለት ቀን ቀረች። በሶስተኛው ቀን እናቷ የጤና ጣቢያ ወረቀት ይዛ መጣች። ትኩሳት ነበራት፣ ሽንቷን ስትሸና ያቃጥላታል፣ ተመርምራ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተብላ መድሃኒት ተሰጣት።

እናትየው ግን ስለ ኢንፌክሽኑ አይደለም የመጣችው። እንዲህ አለችኝ፦ "መምህር፣ ልጄ ውሃ መጠጣት አቁማለች። ጠዋት ሻይ እንኳን አትቀምስም። ለምን ስላት ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ስለማልሄድ ነው አለችኝ።" ምሳ ላይም የሚሰጣቸውን በልታ ውሃውን ትተወው ነበር። የያዘችው ሃይላንድ እንደሞላ ወደ ቤት ይመለሳል።

ክልከላው ነው ያሳመማት ብዬ አልምልም። በዚህ እድሜ ሴት ልጅ በሌላ ምክንያትም ሊያማት ይችላል። ግን መንገዱ የታወቀ ነው፦ የሴት የሽንት ቱቦ አጭር ስለሆነ ባክቴሪያ ወደ ፊኛ በቀላሉ ይደርሳል፣ ውሃ ጠጥቶ ቶሎ ቶሎ መሽናት ያጥበዋል፣ ውሃ ሳይጠጡ ሽንት ይዞ መቆየት ደግሞ ባክቴሪያው እንዲራባ ጊዜ ይሰጠዋል። የሆድ ድርቀት ሲጨመርበት ይብሳል። ይሄን እኔ ራሴ በክፍል የማስተምረው ነው።

ከዛ ለሴክሽኔ ሴቶች ስም የሌለበት ብጣሽ ወረቀት ሰጥቼ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ፦ ትምህርት ቤት ስትመጡ ውሃ ትጠጣላችሁ ወይ። "ሽንት እንዳይመጣብኝ አልጠጣም" ብለው የፃፉት ከጠበቅኩት በላይ ነበሩ። አንዷ "ፔሬዴ ሲመጣ እቀራለሁ" ብላ ፃፈች፣ የወር አበባዋን ማለቷ ነው፣ እሷ ያልተጠየቀችውን ነው የመለሰችው።

ስብሰባው

ወረቀቱን ይዤ ዳይሬክተሩ ጋ ሄድኩ፣ እሳቸውም የመምህራን ስብሰባ ጠሩ፣ ከወተመህ (ከወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት) ሁለት ወላጅ ተገኙ። ስብሰባው ሞቀ።

አንድ የሂሳብ መምህር ያለው ነገር ቀላል አይደለም፦ "ጤነኛ የ12 ዓመት ልጅ 40 ደቂቃ መያዝ ይችላል።" ልክ ነው። የልጅ ፊኛ ስንት እንደሚይዝ ለመገመት ሀኪሞች የሚጠቀሙበት ሂሳብ አለ፣ እድሜው ላይ አንድ ደምረህ በ30 ማባዛት፣ ለ12 ዓመት ልጅ 390 ሚሊ ሊትር ገደማ ይመጣል። ያ በ40 ደቂቃ አይሞላም። ግን ይሄ የሚሰራው ልጁ ፔሬዱን ሲጀምር ፊኛው ባዶ ከሆነ ነው። ከወተመህ አንዱ አባት ደግሞ ህገ መንግስቱን አነሳ፣ አንቀፅ 36 ህፃናት በትምህርት ቤት ከጭካኔና ከኢሰብአዊ ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል አለ። ዳይሬክተሩ "ይሄ እኮ ቅጣት አይደለም፣ ስርዓት ነው" አሉት። "ለልጄ ይሄን ልዩነት ንገሯት" አለ ሰውየው። ሁሉም ሳቀ፣ እሱ ግን አልሳቀም።

መግባባት ስላልተቻለ የተወሰነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ክልከላው ለጊዜው ይነሳ፣ ማን በየትኛው ፔሬድ እንደሚወጣ ይቆጠር፣ ከዛ እንነጋገር።

ቆጠራው እና እረፍት ሰዓት ላይ ያየነው

የክፍል አለቆች በየፔሬዱ የወጣውን ልጅ ብዛት ፃፉ፣ ስም ሳይፃፍ። ውጤቱ ማንም የገመተው ነው፣ አራተኛ ፔሬድ ከሁሉም በላይ ነበር፣ በተለይ ሴቶቹ። እዚህ ላይ "አየህ፣ ንቀት ነው" ተብሎ ማለቅ ይችል ነበር። ግን ዩኒት ሊደሯ፣ ነገር ዝም ብላ የማትቀበል ሴት ናት፣ "ኑ እረፍት ሰዓት ላይ በሩ ጋ እንቁም" አለች። ሄደን ቆምን።

4፡10 ደወል ሲደወል ሴቶቹ ሮጡ። በደቂቃ ውስጥ ሰልፉ እስከ ቧንቧው ደረሰ። ሂሳቡን እዛው ቆመን ሰራነው። አንድ ልጅ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ትፈጃለች፣ 15 ደቂቃ ውስጥ በአንድ ክፍል ሰባት ልጅ፣ በአራቱ 28 ልጅ። ከ400። የአለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤት የሚመክረው ለ25 ሴት ተማሪ አንድ ነው፣ በሱ ሂሳብ ለኛ 16 ያስፈልግ ነበር። ደወሉ ሲደወል ሰልፉ ላይ ከነበሩት አብዛኞቹ ሳይገቡ ወደ ክፍል ተመለሱ። እነዚህ ናቸው እንግዲህ አራተኛ ፔሬድ ላይ እጅ የሚያወጡት።

የኔዋን ልጅ አስቡት። ከቤት 11፡30 ወጥታለች፣ አውቶብስ፣ ሰልፍ፣ ሶስት ፔሬድ፣ 4፡10 ላይ ሰልፉ አልደረሳትም። ከቤቷ ከወጣች አራት ሰዓት ተኩል አልፏል። ቀጣዩ እድሏ 6፡25 ነው።

ሁለተኛው ያየነው ነገር ለኔ ከቁጥሩ ይበልጣል። ከአራቱ በሮች ሶስቱ ሸጎሬ የላቸውም። ስለዚህ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ከውጪ በሩን ይዛ ትቆማለች። ሴቶቹ ለምን ሁለት ሁለት ሆነው እንደሚወጡ ያኔ ነው የገባን። "ለወሬ ነው" ስንል የከረምነው ማለት ነው። አንዷ ብቻዋን እንድትሄድ ከተፈቀደላት በሩን የሚይዝላት የለም፣ ስለዚህ አትሄድም፣ ወይ ደግሞ ጓደኛዋ "እኔም" ትላለች። በ50 ብር ብረት የሚፈታ ነገር የዲሲፕሊን ጉዳይ ሆኖ ስብሰባ ተጠርቶበታል።

ወንዶቹ ጋ ሰልፉ ያን ያህል አልነበረም፣ እነሱ ጋ ያለው ችግር ውሃ ነው። ውሃ በሌለበት ቀን እረፍት ሳይደርስ የማይገባበት ይሆናል፣ ሽታውን ሸሽተው ከአጥሩ ስር ነው የሚሸኑት።

የተሰራው ስራ

በመጀመሪያ ሸጎሬ። ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ተገዝቶ የጥገና ሰራተኛው በአንድ ከሰዓት ገጠመው። ዴስኮቹ ወጥተው የተዘጉት ሁለት ክፍሎች ተከፈቱ፣ አንዱ ቱቦው ተደፍኖ ስለነበር ጊዜ ወሰደ።

ውሃው ላይ የቻልነው ሮቶው በፈረቃው ቀን ሌሊት እንዲሞላ ለማታ ጥበቃው ሃላፊነት መስጠት ነው፣ ውሃው በብዛት የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ። ቀን ላይ ሲያልቅ ደግሞ በበርሜል የተቀመጠ ውሃ እና ጆግ። የሚያምር አይደለም፣ ይሰራል።

እረፍቱ ከ15 ወደ 20 ደቂቃ ሆነ። አምስቱ ደቂቃ የመጣው ከጠዋት ሰልፍ ነው፣ ከባንዲራ በኋላ የሚነገረው ማስታወቂያ አጠረ፣ ያጣነው ነገር ያለ አይመስለኝም። ስድስት ክፍል በ20 ደቂቃ 60 ልጅ ያስተናግዳል። አሁንም ለ400 አይበቃም ግን ሁሉም በየእረፍቱ አይሄድም። ሽንት ቤቱ ከሰልፍ በፊትም እንዲከፈት ተደረገ፣ ከሩቅ ለሚመጡት ትልቁ ለውጥ እሱ ነው። በፊት ጥበቃው የሚከፍተው ከሰልፍ በኋላ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ስንጠይቀው "እንደዛ ነው የተነገረኝ" አለ፣ ማን እንደነገረው አላስታወሰም።

ሞዴስ በዩኒት ሊደሯ ቢሮ ነበር የሚቀመጠው፣ ቢሮው ውስጥ ደግሞ ወንድ መምህራን ይቀመጣሉ። ወደ ሴቶች ክበብ ክፍል ተዛወረ፣ ቁልፉ ሁለት 8ኛ ክፍል ሴቶች ጋ ነው። ከዛ በኋላ ነው መጠየቅ የጀመሩት።

ህጉ መጨረሻ ላይ የመጣ ነው። በየክፍሉ ሰሌዳው አጠገብ አንድ የእንጨት ካርድ ተሰቀለ። መውጣት የፈለገ ካርዱን አንስቶ ይወጣል፣ ሲመለስ ይሰቅለዋል። መምህሩን አቋርጦ ማስፈቀድ የለም፣ ምክንያት መጠየቅም የለም። ካርዱ ከሌለ ሰው ወጥቷል ማለት ነው፣ ይጠብቃል። ያጣደፈው ለመምህሩ ይናገራል። የስኳር ወይም የኩላሊት ህመም ያለበት፣ ወይም ሀኪም ያዘዘለት ልጅ ካርድ አይጠብቅም፣ ይሄ ለሚያስተምሩት መምህራን በስም ጠሪው በኩል ነው የሚነገረው፣ ክፍል ፊት አይነሳም። ፈተና ላይ ህጉ ሌላ ነው፣ ፈታኝ አብሮ ይሄዳል።

ያልሰራው

ካርዱን አንዳንድ ክፍሎች ሸጎሬው ሳይገጠም ጀምረውት ነበር፣ ፈርሷል። አንድ ካርድ ለአንድ ልጅ ነው፣ በር የሚይዝላት የሌላት ልጅ ካርዱን ምን ታድርገው። ሴቶቹ አልነኩትም፣ ወንዶቹ ተጫወቱበት። ያው ካርድ ሸጎሬው ከገባ በኋላ ሰራ። ቅደም ተከተሉ ነው ልዩነቱ።

መዝገብ ደብተርም ተሞክሮ ነበር፣ ስም፣ ሰዓት፣ ምክንያት የሚፃፍበት። ወንዶቹ ምክንያት በሚለው ላይ ቀልድ ፃፉበት፣ ሴቶቹ ጭራሽ መውጣት ተዉ። 13 ዓመት የሞላት ልጅ 50 ሰው በሚያየው ደብተር ላይ ምን ብላ ትፃፍ? በሳምንቱ ተነሳ።

7ኛ እና 8ኛን በተለያየ ሰዓት እረፍት ማስወጣት በወረቀት ላይ ከሁሉም የተሻለ ሃሳብ ነበር። ግን ሁለቱንም ክፍል የሚያስተምር መምህር ሻይ የሚጠጣበት ሰዓት አጣ፣ ግቢ ውስጥ ግማሹ ሲጮህ ግማሹ ይማራል፣ ደወሉም አንድ ስለሆነ ግራ መጋባት ሆነ። ተመለስን።

የመምህራን ሽንት ቤት በእረፍት ሰዓት ለሴት ተማሪዎች ይከፈት የሚል ሃሳብም ቀርቦ ነበር፣ ስብሰባው ላይ ያለው ፀጥታ መልስ ነበር። በመጨረሻ ለታመመች ልጅ ብቻ ተብሎ ቁልፉ ዩኒት ሊደሯ ጋ ሆነ።

ክፍል ለመዝለል የሚወጣ ልጅስ? አለ፣ አይጠፋም። ግን ሌላው ሲቀንስ እነሱ በቀላሉ ይታያሉ፣ ጥቂት ወንዶች ናቸው፣ ወላጅ ተጠርቶ ተነጋገርን። ከነሱ አንዱ ካርዱን የሚያነሳው ሁሌም እንግሊዝኛ ላይ መሆኑን መምህርቷ አስተዋለች፣ ተራ በተራ ጮክ ብለው ሲያነቡ። ልጁ ማንበብ ይቸገራል። እሱ አሁን ቲቶሪያል ይገባል። በክልከላው ጊዜ ቢሆን ቁጭ ብሎ ተራው ሲደርስ አፍሮ ዝም ይል ነበር፣ እኛም ሰነፍ ብለን እናልፈው ነበር።

ሁለት መምህራን እስካሁን ካርዱን አይቀበሉም፣ በነሱ ፔሬድ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ዳይሬክተሩ ተናግረዋቸዋል። አልተፈታም።

ሌላ ትምህርት ቤት ቢሆን

ህግ ከማውጣታችሁ በፊት እረፍት ሰዓት ላይ ሽንት ቤቱ በር ጋ ቁሙ። ሙሉ እረፍቱን፣ ደወል እስኪደወል። ደወሉ ሲደወል ሰልፍ ላይ የቀረውን ቁጠሩ። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ የክፍል ሰዓት ክልከላ ማለት እነዛ ልጆች ሽንታቸውን እስከ ምሳ ይያዙ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ደግሞ መምህሩ ጠበቅ ቢያደርግ እኔ በበኩሌ አልቃወምም፣ ገና ክፍል ሲገባ "ያልሄደ አሁን ይሂድ" ብሎ ከዛ ማስተማር ፌር ነው።

ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው የሚወጡ ከሆነ ለምን እንደሆነ ሴቶቹን ሴት መምህር ትጠይቃቸው። እኛ ጋ ሸጎሬ ነበር፣ እናንተ ጋ አምፖል ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከሽንት ቤቱ ጀርባ የሚቆሙ ጎረምሶች።

"የሀኪም ወረቀት ያመጣ ይወጣል" የሚለው ነገር ጥሩ ይመስላል ግን ወረቀት የሚመጣው ልጅ ከታመመ በኋላ ነው። ውሃ መጠጣት ያቆመች ልጅ ወረቀት የላትም። ለዚህ የሚሆነው ሃይላንዶቹን ማየት ነው፣ 9፡00 ላይ ሲወጡ እንደሞላ የሚመለስ ሃይላንድ ብዙ ከሆነ የሆነ ነገር አለ። የምግቡን ጉዳይ ለሚከታተለው ሰው ብትነግሩት እሱ ምሳ ላይ ያየዋል።

ወጪውን በተመለከተ፣ ከሁሉም ርካሹ ሸጎሬው ነበር ግን ከሁሉም ቶሎ የሚበላሸውም እሱ ነው። ከስድስቱ ሁለቱ እንደገና ተነቅለዋል፣ ብሎኑ የገባበት እንጨት በስብሷል። ለሁለተኛው ሴሚስተር የብረት በር ፍሬም በወተመህ በኩል ተጠይቋል፣ ዋጋ የሰጡት ሁለት ብየዳ ቤቶች ናቸው፣ ግዥ ኮሚቴው ሶስተኛ ፕሮፎርማ ይፈልጋል። እስከዛ ድረስ የጥገና ሰራተኛው ገመድ አስሮላቸዋል።